ለነጥብ የማይያዝ ለቅሶ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ፣ በነርሰሪው ክፍል በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። «መምህርት» ከሚለው ቃል ጎን ባዶ ነው። «ረዳት» ከሚለው ጎን «ተሻለች» ተብሎ ተጽፏል። መምህርቷ አግብታ ሐዋሳ ከገባች ቆይታለች፤ በቦታዋ የተቀጠረ ሰው የለም። ስለዚህ ተሻለች የምትረዳው ሰው ሳይኖር ረዳት ሆና፣ ክፍሉን ብቻዋን ታስተምራለች።

ልጆቹ «ቲቸር ተሹ» ይሏታል። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳው እየተጠጋ ነው። ኮልፌ ተወልዳ፣ ኮልፌ አግብታ፣ ባሏን ሚኒባስ ነጂውን ተክለማርያምን እዚያው ቀብራ፣ አንድ ልጇን ሄቨንን ይዛ ቀርታለች። የሰፈሩ ሰው ስለ እሷ ሲጠየቅ «ዝምተኛ ናት» ይላል፤ ከዚያ የሚጨምረው ስለማያገኝ እሱም ዝም ይላል።

አንድ ቀን ልጆቹ ከተሸኙ በኋላ ዳይሬክተሯ ፋሪዳ ወደ ቢሮዋ ጠራቻት።

«ተሹ፣ ባለቤቶቹ ወስነዋል። ከመስከረም ጀምሮ ዲፕሎማ የሌለው ሰው ክፍል አይዝም።»

«እኔ እኮ ረዳት ነኝ።»

«እሱማ በወረቀት ነው።»

«በወረቀት ረዳት ከሆንኩ ታዲያ ምን ቸገረ?»

ፋሪዳ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የቸገረውማ፣ መምህርት ይቀጠርና አንቺ የእውነት ረዳት ትሆኛለሽ። ሽንት ቤት ማድረስ፣ አፍንጫ መጥረግ፣ ጫማ ማሰር።»

«አሁንም እሱን ነው የምሠራው።»

«አዎ፣ ግን ያኔ እሱን ብቻ ነው የምትሠሪው።»

ተሻለች ይሄን አሰበችበት። ጫማ ማሰር አትጠላም። ነገር ግን ያቺ ክፍል የእሷ ነበረች። ከልጆቹ መካከል የትኛው ሲያኮርፍ መጥራት እንደማያስፈልግ፣ የትኛዋ ደግሞ ሳትጠራ ከቀረች ቀኑን ሙሉ እንደምታለቅስ የምታውቀው እሷ ናት። አዲስ የምትመጣዋ ይሄን እስክታውቅ ልጆቹ አንደኛ ክፍል ይገባሉ።

እንደ ዕድል ሆኖ ዲፕሎማው ሩቅ አልነበረም። ተክለማርያም በሕይወት ሳለ በማታው ትምህርት ጀምራው፣ እሱ ሲሞት አቋርጣው ነበር። የቀራት አንድ ኮርስ ብቻ ነው፤ ስለ ሕፃናት ዕድገትና ጨዋታ። ያንን ኮርስ ኮሌጁ አሁን የሚሰጠው በኦንላይን ብቻ ሆኗል። ያለፉትን ኮርሶች በሙሉ መጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ቀን እጇን ሳታወጣ፣ በጥሩ ውጤት አልፋቸው ነበር። ኦንላይኑም ያው ይሆናል ብላ ገመተች። እንዲያውም ይሻላል፤ እዚያ እጅ ማውጣት የሚባል ነገር የለም።

ነገር ግን ኦንላይኑ የውይይት መድረክ ነበረው። በየሳምንቱ መምህሩ አንድ ጥያቄ ይለጥፋል። ተማሪው የራሱን ሐሳብ ይጽፋል፣ ቀጥሎም ለሁለት የክፍል ጓደኞቹ ምላሽ ይሰጣል። ከመቶው ሃያ የሚገኘው ከዚህ ነው። መምህሩ እዮኤል የሚባል፣ የአንገት ልብሱን በፎቶም በቪዲዮም የማያወልቅ ወጣት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጥያቄው «ጨዋታ ማለት ምን ማለት ነው? ተወያዩ» የሚል ነበር።

ማንም አልተወያየም። ለብዙ ቀናት ገጹ ነጭ ሆኖ ከረመ። ከዚያ ሃና የምትባል ተማሪ «ከላይ በተባለው እስማማለሁ» ብላ ጻፈች። ከላይ የተባለ ነገር አልነበረም። ከእሷ በኋላ የመጡት ግን ከላይ እሷን ስላገኙ ተስማሙ። ሳምንቱ ሲያልቅ ክፍሉ በሙሉ ተስማምቶ ነበር፤ መምህር እዮኤልም «ጥሩ ጅማሮ ነው» ብሎ ጻፈ።

ተሻለች ብቻ አልተስማማችም፤ አልተቃወመችምም። እሷ የምታደርገው መግባት ነው። እራት ተበልቶ ዕቃው ከታጠበ በኋላ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ታስተካክላለች፣ ስልኳን ትከፍታለች፣ ሰዎቹ የጻፉትን አንድ በአንድ ታነባለች፤ ስማቸውንና ፎቶአቸውን ታያለች። ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ ትወጣለች።

«ማሚ፣ ገብተሽ ምን አልሽ?» ትላታለች ሄቨን።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ገባሽ?»

«እንዳልቀር።»

ለተሻለች ይሄ መልስ ሙሉ ነበር። ተክለማርያም የሞተ ጊዜ ድንኳኑ በሰው ተሞልቶ ነበር። ብዙዎች ብዙ ተናገሩ። አንዷ የአጎቷ አሟሟት ከዚህ የባሰ እንደነበር ከነዝርዝሩ ነገረቻት። አንዱ ሟቹ ስለ ፍሬኑ ቀደም ብሎ ቢነገረው ኖሮ እያለ ስለ ፍሬን ብዙ አወራ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ተሻለች ጋር የቀረ የለም። የምታስታውሰው አንድ ልብስ ሰፊ ጎረቤታቸውን ነው። ጠዋት ይመጣል፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ አፉን ሳይከፍት ይውላል፣ ማታ ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ይሄዳል። በማግስቱ እንደገና ይመጣል። ተሻለች «ሰው መጣልኝ» ስትል ዛሬም በዓይኗ የሚመጣባት እሱ ነው። መምጣት ማለት ያ ነው ብላ ታምናለች፤ በውይይት መድረኩም እንደዚያው ስትመጣ ቆየች።

የኮርሱ ግማሽ ላይ ውጤት ሲለጠፍ ከውይይት ያገኘችው ዜሮ ነበር።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ጦር ኃይሎች ወደሚገኘው የኮሌጁ ቢሮ ሄደች። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ወጣት ስሟን ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገ።

«ማዘር፣ ሲስተሙ ምንም አልተሳተፉም ነው የሚለው።»

«በየቀኑ ገብቻለሁ እኮ።»

ወጣቱ ተጠግቶ አየ። «ገብተዋል» አለ። «ኧረ በጣም ገብተዋል! ከሁሉም ተማሪ በላይ የገቡት እርስዎ ነዎት። ግን አልተናገሩም።»

«ማን ጠየቀኝ?»

«ጥያቄው ለሁሉም ነው የተጠየቀው።»

«ለሁሉም የተጠየቀማ ለእኔ አልተጠየቀም።»

ወጣቱ ይሄን የሚሞላበት ቦታ ሲስተሙ ላይ አላገኘም። ያገኘው ሌላ ነገር ነው። «የቀሩት ውይይቶች ጥቂት ናቸው» አላት። «ፈተናውን ጥሩ ቢሠሩ እንኳን፣ ከውይይቱ የሆነ ነገር ካልያዙ ማለፊያ አይሞላልዎትም። ትንሽ ነገር ይበሉ። ተስማማሁም ቢሉ ይበቃል።»

«በምን?»

«በየትኛውም።»

ከጦር ኃይሎች ስትመለስ ታክሲው ውስጥ የምትለውን ትንሽ ነገር ፈለገች። ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲላት ደንግጣ «እስማማለሁ» ልትል ምንም አልቀራትም።

ሄቨን ነገሩን ሰምታ ቀላል አደረገችው። ሄቨን ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ናት፤ ለእሷ ብዙ ነገር ቀላል ነው። «ስልኩን ጠይቂው ማሚ፣ እሱ ይጽፍልሻል» ብላ የሳምንቱን ጥያቄ አስገባችለት። ጥያቄው «ሕፃናት በጨዋታ እንዴት ይማራሉ? ያዩትን ምሳሌ በመጥቀስ ተወያዩ» የሚል ነበር። ስልኩ ሳይውል ሳያድር ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ጨዋታ ሁለንተናዊ ዕድገትን እንደሚያፋጥን፣ ማኅበራዊ ክህሎትን እንደሚያዳብር፣ ለነገ ብሩህ ተስፋ መሠረት እንደሚጥል ገለጸ።

ተሻለች እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ይሄ ሰውዬ» አለች፣ «ልጅ አሳድጎ አያውቅም።»

«ሰው አይደለም እኮ ማሚ።»

«እሱማ ያስታውቃል።»

ጽሑፉ ሳይላክ ቀረ። ተሻለች እንደ ልማዷ ገባች፣ ተቀመጠች፣ አነበበች። ከጥያቄው ሥር እስከዚያ ሰዓት የተለጠፈው አንድ ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ የጻፈውም ወንድዬ የሚባል፣ አስኮ አካባቢ ባለ መዋዕለ ሕፃናት የሚያስተምር ተማሪ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ውድ የትምህርት ጓደኞቼ፣ አባቴ ስላረፉ በቡድን ሥራው የእኔን ድርሻ በጊዜው ባለማድረሴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቀብራቸው ትናንት ተፈጽሟል። ድንኳኑ ሳንሱሲ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ነው።»

ከሥሩ ሲስተሙ በራሱ የሚጽፈው መስመር አለ። «ለዚህ ጽሑፍ ምላሽ ይስጡ። ምላሽዎ ለነጥብ ይያዛል።»

ተሻለች ሳታስበው «እግዜር ያጽ» ድረስ ጻፈች። በኮርሱ ውስጥ የጻፈችው የመጀመሪያው ነገር ነበር። ከዚያ ዓይኗ መስመሩ ላይ አረፈ። አንድ በአንድ አጠፋቻቸው።

«ምነው?» አለች ሄቨን ከአልጋው ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ።

«ነጥብ ይይዛሉ።»

«አሪፍ ነዋ!»

«ሄቨን፣ ለቅሶ ደርሼ ነጥብ ልቀበል?»

«ምን ችግር አለው? እድሩስ ለቅሶ ላይ ስም እየጠራ ይቆጥር የለ እንዴ?»

«እድር የሚቀጣው የቀረውን ነው» አለች ተሻለች። «የመጣውን አይሸልምም።»

ሄቨን ወደ ስልኳ ተመለሰች። ውይይቱ የሚዘጋው እሑድ ማታ ነበር። ተሻለች ቅዳሜ ጠዋት ተነስታ ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ከ18 ማዞሪያ በዊንጌት አድርጋ አስኮ፣ ከአስኮም ሳንሱሲ ሄደች። ወፍጮ ቤቱን መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ድምፁ ይጠራል።

ድንኳኑ መንገዱን ግማሽ ይዞ ተተክሏል። «እግዜር ያጽናችሁ» ብላ ገባችና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ንፍሮ ቀረበላት፣ ዘገነች። ወንድዬን ከፎቶው ለየችው፤ ከፎቶው ይልቅ ከስቷል። እሱ አላወቃትም። የአባቱ ዘመድ መስላው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና አለፈ። እሷም አላረመችውም። በዚሁ ተቀምጣ ውላ ብትሄድ ለእሷ ሁሉም ነገር ተሟልቶ ነበር።

ከጎኗ የተቀመጠች ጥቁር ሹራብ የለበሰች ወጣት ግን በጎን በጎን ታያት ጀመር።

«ይቅርታ እትዬ... ተሻለች ነዎት? ያቺ የጉርድ ፎቶ?»

«ነኝ።»

«እኔ ሃና ነኝ። ከኦንላይኑ።»

ተሻለች ትኩር ብላ አየቻት። «አንቺ ነሽ የተስማማሽው?»

ሃና ፊቷ ቀላ። «አዎ።»

«በምን ነበር?»

«እኔ እንጃ። ባዶ ሆኖ ሳየው ጨነቀኝ። ሰው ያለ እንዲመስል ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለወንድዬ ለምን አልጻፍሽለትም?»

«ነጥብ ይያዛል ሲለኝ አፈርኩ። እርስዎስ?»

«እኔም።»

ከፊታቸው የተቀመጠ፣ ከቡራዩ የመጣ አንድ ጎልማሳ ዞር አለ። «እናንተም ለእሱ ነው?» አለ በሹክሹክታ። ከእሱ አጠገብ ያሉት ሁለት ሴቶችም ዞሩ። እየተጠያየቁ ሲሄዱ፣ ከመግቢያው ጀምሮ እስከ መሐለኛው ምሰሶ ድረስ ያለው አግዳሚ የተያዘው በክፍሉ ተማሪዎች ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ገጹን ከፍተው፣ መስመሩን አይተው፣ አፍረው፣ ታክሲ ተሳፍረው መጥተዋል።

ወንድዬ ሹክሹክታውን ሰምቶ መጣ። ማን ማን እንደሆኑ ሃና ነገረችው። ቆሞ ቀረ።

«እኔ እኮ ያነበበው ሰው የለም ብዬ ነበር። ምንም ምላሽ የለውማ።»

«አንብበነዋል» አለች ተሻለች።

«ታዲያ?»

«መጣን።»

ወንድዬ አግዳሚው ላይ በመሐላቸው ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ተሻለች እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች፤ እስኪበቃው ድረስም አላነሳችም።

ሰው ለቅሶ ቤት ሲቆይ የግድ ወሬ ይጀምራል፤ የእነሱ ወሬ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። የቡራዩ ጎልማሳ «ይሄን የሳምንቱን ጥያቄ ምን ልትሉት ነው?» አለ። እሱ ራሱ ጨዋታ ልጅን ያሰንፋል ባይ ነበር። ሃና ተቆጣች። አንዷ ሴትዮ ልጇ ቁጥር የለየው በብይ መሆኑን ተናገረች። «ብይማ ቁማር ነው» አለ ጎልማሳው። «አንተስ መደመር የተማርከው በምንድን ነው?» አለችው። «በአለንጋ» አለ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ሳቁና አፋቸውን ያዙ።

የእድሩ ዳኛ ሽማግሌ ከወዲያኛው ጥግ ተመለከቷቸው። «ምንድን ነው እሱ፣ ልጆች?»

«ትምህርት ነው አባባ» አለ ወንድዬ።

«እዚህ?»

«በኦንላይን አልሆነልንም።»

ተሻለች እስካሁን ስታዳምጥ ነበር። ውስጡ ሲሞቃት ነፋስ ለመቀበል ወደ ጓሮው ወጣች፤ ወንድዬም ውሃ ሊያመጣላት ተከተላት። ጓሮው በልጆች ተሞልቷል። ልጆቹ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አሮጌ ሸራ ጥለው ድንኳን ሠርተዋል። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ የእድር ዳኛ ሆና፣ ጣሳ በእንጨት እየመታች ስም ትጠራለች፤ «የቀረ ይቀጣል!» ትላለች። ከሸራው ሥር አንድ ትንሽ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ተጋድሟል። ሟቹ እሱ ነው።

ሟቹ አንድ ዓይኑን ከፈተ። «ንፍሮ የሚመጣው መቼ ነው?»

«የሞተ ሰው አይበላም» አለችው ዳኛዋ።

ልጁ ተነስቶ ቁጭ አለ። «እንደዚያ ከሆነ ሌላ ሰው ይሙት።»

ዳኛዋ ዙሪያውን ጠየቀች። ለመሞት ፈቃደኛ የሆነ ሰው ጠፋ። ጥቂት ከተመካከሩ በኋላ አንድ ቢጫ ጀሪካን አምጥተው አጋደሙና ነጠላ አለበሱት፤ ጀሪካኑም ሳይከራከር ሞተ። ልጆቹ ከበውት ማልቀስ ጀመሩ። የውሸት ለቅሶ ነው፤ በጣቶቻቸው መሐል እያዩ ይሳሳቃሉ።

ከመካከላቸው አንዷ ግን መሳቋን አቆመች። ነጭ ሪባን ያሰረች ልጅ ናት። መጀመሪያ እንደ ሌሎቹ «ወይኔ አባዬ» አለች። ሁለተኛ ስትለው ድምፁ ሌላ ነበር። ጀሪካኑ ላይ ወድቃ አቅፋው ተንሰቀሰቀች። ልጆቹ ዝም አሉ። ዳኛዋ ጣሳዋን አስቀመጠች፤ ሄደችና ልጅቷን በብብቷ ደግፋ አነሳቻት፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት፣ ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላት፤ ልክ እንደ ትልቅ ሴት። ሌሎቹ በወረፋ እየመጡ «አይዞሽ» አሏት። በመጨረሻ ያ መሞት ያልፈለገው ልጅ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ምንም አላለም። ተቀመጠ ብቻ።

ወንድዬ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። «ልጄ ናት» አለ። «ሳምሪ። ያሳደጓት አባቴ ናቸው። ካረፉ ጀምሮ አንድም እንባ አልወጣትም ነበር፤ ሁላችንም ፈርተን ነበር።»

ተሻለች ብርጭቆውን ከእጁ ወሰደችለት። ዳኛዋ ልጅ ያንን ጊዜ ጣሳዋን እንደገና መታች። «ለቅሶው አልቋል! ወደ ንፍሮ!»

ጀሪካኑን ትተውት ሮጡ፤ ሳምሪም ከኋላ ሮጠች።

እዚያው ቆመው ሳለ ተሻለች ለረጅም ጊዜ ያልሞከረችውን ነገር ሞከረች፤ ሰው ሳይጠይቃት ተናገረች። «ወንድዬ፣ ይሄን ብጽፈው ቅር ይልሃል? ለጥያቄው?»

ወንድዬ አሰበ። «ስሟን አይጥሩት።»

«አልጠራም።»

«የጀሪካኑን ግን እንዳይረሱ።»

እሑድን ሙሉ ስትጽፍ ዋለች። መጀመሪያ መምህሩን ሰላም አለች፤ ቀጥላ ተማሪዎቹን፣ ቤተሰባቸውን፣ በያሉበት የሚያስተምሯቸውን ሕፃናት። ሄቨን ከትከሻዋ በላይ እያየች «ማሚ፣ ከሰላምታው በፊት መልሱ መቅደም አለበት እኮ» አለች። «ሰላም ሳልል ወሬ ልጀምር?» አለች ተሻለች፤ ሰላምታው ባለበት ቀረ። ከዚያ ሸራውን ጻፈች፣ ጣሳውን፣ ሟቹን፣ ጀሪካኑን። አንዲት ልጅ ትልልቆቹ ሊያስለቅሷት ያልቻሉትን እንባ ጨዋታ እንዳወጣው ጻፈች። ልጆቹ ማጽናናትን ማንም ሳያስተምራቸው ከድንኳኑ ቀዳዳ አይተው እንደያዙት፣ አንዱም ዝም ብሎ መቀመጥን እንደያዘ ጻፈች። መጨረሻው ላይ «ይህንን ያየሁት ዝም ብዬ ስመለከት ነው» ብላ ጨመረች። ማስጠንቀቂያው «ውይይቱ ሊዘጋ ነው» ማለት ሲጀምር ላከችው፤ ስልኩንም ገልብጣ አስቀመጠችው።

ስታነሳው የመጀመሪያው ምላሽ የሃና ነበር። «ከላይ በተባለው እስማማለሁ» ይላል። በዚህኛው ጊዜ ከላይ የተባለ ነገር ነበር። ከዚያ ሃና የራሷን ቀጠለች፤ ሕፃን ሳለች ከእህቷ ጋር ሐኪም ቤት እየተጫወቱ መርፌ መፍራት እንዴት እንደተዋት። የቡራዩ ጎልማሳ አለንጋውን አነሳና ረጅም ነገር ጻፈ፤ መጨረሻው ላይ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አለ። ወንድዬም «ጀሪካኑ ደህና ነው፤ ውሃ እየቀዳንበት ነው» ብሎ ጻፈ። ድንኳን ውስጥ ያልነበሩትም ገቡ። አንዴ አግዳሚ ላይ አብረው የተቀመጡ ሰዎች ሲነጋገሩ፣ ሌላው ምን ቀረብኝ ብሎ መምጣቱ አይቀርም።

መምህር እዮኤል በነጋታው መጣ። «ግሩም ምልከታ ነው። ነገር ግን ማጣቀሻ ይጎድለዋል» ብሎ ጻፈ።

ተሻለች ማጣቀሻ ምን እንደሆነ ከሄቨን ጠይቃ ተረዳች፤ ነገሩ የተገኘበት ቦታ ነው። አስተካክላ ጨመረች፦ «ማጣቀሻ፦ ሳንሱሲ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት።»

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ገጹ ነጭ ሆኖ አላደረም። ተሻለችም በየሳምንቱ ጻፈች፤ ሁልጊዜም ከሰላምታ ጀምራ። ለማን እንደምትጽፍ አሁን ታውቃለች። ሃና ምን እንደሚያስደነግጣት፣ ጎልማሳው መቼ ማሾፍ እንደሚጀምር ታውቃለች። አንድ ሳምንት ለፈተና የሚያጠኑትን ተካፍለው እዚያው ተጠያየቁ። ወንድዬ ያልገባውን ሃና አስረዳችው፤ ሃና ያልገባትን ተሻለች ከክፍሏ ልጆች ምሳሌ እያመጣች ነገረቻት። ተሻለች ለፈተና ስትቀመጥ መልሶቹ በእነዚያ ሰዎች ድምፅ ይመጡላት ነበር።

ፈተናው ካለቀ በኋላ መምህር እዮኤል ሁሉንም በቪዲዮ ሰበሰባቸው። የአንገት ልብሱ አለ። እንደ ደረጃ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ያለበት ሥዕል አሳያቸው። «እንደምታዩት» አለ፣ «በውይይት መድረኩ የተሳተፈ ተማሪ በፈተናውም የተሻለ ውጤት አምጥቷል። በብዛት የጻፈ ብቻ ሳይሆን፣ ለሌላው ምላሽ የሰጠ። ይሄ ከዚህ በፊት ባስተማርኳቸው ክፍሎች አልታየም። በተለይ ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ መስመሩ በድንገት ይነሳል። ምክንያቱን ለማወቅ እየሞከርኩ ነው። ወይዘሮ ተሻለች፣ እርስዎ ከዜሮ ተነስተው ነው ያለፉት። እስኪ ምን እንደረዳዎት ይንገሩን።»

«ያለፉት» የሚለው ቃል ተሻለች ጆሮ ለመድረስ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ሄቨን ከካሜራው ውጪ አልጋው ላይ ትዘላለች። የተማሪዎቹ ፊት በየሳጥኑ ሆኖ ይጠብቃል። ተሻለች ነጠላዋን አስተካከለች።

«ሳንሱሲ ሄጄ ነው» አለች።

መምህር እዮኤል ማስታወሻ ሊይዝ ጎንበስ አለ። «ሳንሱሲ ማዕከል አለን እንዴ?»

«ድንኳን ነበር» አለች ተሻለች። «አሁን ተነስቷል።»

ሃና ማይኳን ከፈተች። «ከላይ በተባለው እስማማለሁ» አለች። ሌሎቹም ተከትለው ተስማሙ። መምህር እዮኤል የያዘውን ማስታወሻ ትንሽ ተመልክቶ አመስግኗቸው ስብሰባውን ዘጋ።

መስከረም ላይ ፋሪዳ የነርሰሪውን በር ወረቀት ራሷ ላጠችና አዲስ ለጠፈች። «መምህርት» ከሚለው ጎን «ተሻለች» ተብሎ ተጽፏል። «ረዳት» ከሚለው ጎን ባዶ ነው። ጠዋት ልጆቹ ሲመጡ ተሻለች በሩ አጠገብ ትንሽ ቆየት አለች። ልጆቹ ገና ማንበብ ስለማይችሉ ለውጡን ያስተዋለ የለም። «ቲቸር ተሹ» አሏት፣ ገቡ፣ ከመካከላቸውም የአንዱ ጫማ ስለተፈታ ጎንበስ ብላ አሰረችለት።